አዲሱ ይቆይ፣ አሮጌው ይሰረዝ

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ትፈርዱብኝ ይሆናል። እኔ በራሴ ላይ ፈርጄ ጨርሻለሁ፤ የቀረው የእናንተ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገና መሀል ላይ ሆናችሁ «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም» አትበሉ። እኔም እንደዚያ ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነበርኩ።

ኤልያስ እባላለሁ። ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ነኝ። እኔ ከገባሁ ወዲህ አንድም ፋይል ጠፍቶ አያውቅም። ይህን ሰው ሳይጠይቀኝም እናገር ነበር፤ በሠርግም በለቅሶም። ቤቴም እንደ መሥሪያ ቤቴ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከእናቴ ጋር ስኖር የቅመም ብልቃጦቹ ሳይቀሩ በፊደል ተራ ነው የሚደረደሩት። እናቴ «አንድ ቀን እኔም ላይ ቁጥር ትለጥፍብኛለህ» ትለኛለች። እኔ ግን እንደ ሙገሳ ነበር የምሰማት።

ታላቅ ወንድሜ ሚኪያስ የእኔ ተቃራኒ ነበር። አብነት ውስጥ የማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት ነበረው፤ የሱቅ ታፔላ ይጽፋል፣ ማኅተም ይቀርጻል። ሥራ ሲጠፋም ሥራ ሲበዛበትም በእጅ የሚያዝ ጌም ይጫወታል። ገና ልጅ ሳለን አክስታችን ከቤይሩት አንድ አምጥታለት ነበር፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እጁ ከጌም ተለይቶ አያውቅም። ጌሞቹን ከዚህም ከዚያም ኮፒ እያደረገ ይሰበስባል። በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩት፤ የትኛው የት እንዳለ ግን እሱም አያውቅም። «አርባ ሊሞላህ ነው እኮ» እለው ነበር። «አንተ ደግሞ ሰማንያ ካለፈህ ቆየህ» ይለኛል። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

ኩላሊቱ ሲታመም ነገሩ ሁሉ ተቀየረ። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት ይሄዳል። አንድ እጁ ከማሽን ጋር ተያይዞ አራት ሰዓት ሙሉ ይተኛል። ያን ጊዜ ጌሙን ሆዱ ላይ አስደግፎ በነፃው እጁ ይጫወታል። ከሁሉም አስበልጦ የሚወደው አንድ የመንደር ጌም ነበር። ጠላት የለበትም፣ ሽንፈት የለበትም። ሰው ቤት ይሠራል፣ ዛፍ ይተክላል፣ ጎረቤት ይጠይቃል። የመንደሩ ቀንና ሰዓት በማሽኑ ላይ የተሞላው ቀንና ሰዓት ስለሆነ፣ ውጭ ሲነጋ እዚያም ይነጋል። በዚያ መንደር ሚኪያስና ልጁ ሶልያና ጎን ለጎን ሁለት ቤት ነበራቸው። ሶልያና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሚኪያስና እናቷ ትዕግስት ከተለያዩ ስለቆዩ ልጅቷ የምትኖረው ሀዋሳ ነው። ለዕረፍትና ለበዓል ወደ እኛ ስትመጣ ከሁሉ በፊት የምትጠይቀው ያንን ጌም ነበር። ይህን ያህሉን አውቅ ነበር፤ ከዚህ ያለፈውን ግን ጠይቄም አላውቅ።

ሚኪያስ ሰኔ ላይ ሞተ።

አላለቀስኩም። ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ ወንበሩን ያስቆጠርኩት፣ ከየት ማን መጣ ብዬ የመዘገብኩት እኔ ነኝ። ሰዎች «ኤልያስ ጠንካራ ነው» ይሉ ነበር። ጠንካራ አልነበርኩም፤ እንባው የት እንዳለ ጠፍቶኝ ነው። ሠልስት ካለፈ በኋላ እናቴ የሚኪያስን ዕቃ በአንድ የጫማ ካርቶን አድርጋ ሰጠችኝ። አንድ የእጅ ጌም፣ አራት ሚሞሪ ካርድ፣ አንድ ሃርድ ዲስክ። ካርቶኑን ይዤ ቁጭ አልኩና ማድረግ የምችለው ነገር አገኘሁ። ይህን ስብስብ አስተካክልለታለሁ፤ ሶልያና ስታድግ የአባቷን ጌሞች በወግ በማዕረግ ትረከባለች አልኩ። ከልቤ ነበር።

ካርቶኑን ይዤ አብነት ወደ ሰይድ ሄድኩ። ሰይድ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን የወሎ ሰው ነው፤ ሱቁ ከሚኪያስ ታፔላ ቤት ፊት ለፊት ስለሆነ ሁለቱ ሲበሻሸቁ ነበር የሚውሉት። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሚኪያስ መታመሙ ሳይታወቅ፣ ዋናው ካርድ አስቸግሮት ሰይድ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ አስቀምጦለት ነበር። ያንን የድሮ ኮፒ ሰጠኝ። ጌም የሚመዘግብ ሶፍትዌርም ጫነልኝ። በመጨረሻም ኮስተር ብሎ፣ ከመጀመርህ በፊት የሁሉንም አንድ ኮፒ ሳትነካው ለብቻ አስቀምጥ አለኝ። የመዝገብ ቤት ሰው ይህ አይነገረውም ብዬ ሳቅሁበት።

ሶፍትዌሩን ወደድኩት። ካርዶቹንና ሃርድ ዲስኩን አስሶ እያንዳንዱን ጌም ያወጣል፤ ስሙን፣ የሚሠራበትን ማሽን፣ የሽፋኑን ሥዕል ለየብቻ ያሰፍርለታል። የእኔው መዝገብ ቤት ነው፤ አቧራ ብቻ የለውም። ከሥራ ስመለስ ሁለት ወር ሙሉ እሱ ላይ ነበር የምቀመጠው። የሚኪያስ ፎልደሮች ስም «ይሄ»፣ «ይሄኛው»፣ «አዲስ»፣ «አዲስ አዲስ»፣ «የመጨረሻ»፣ «እውነት የመጨረሻ» የሚል ነበር። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ያልኩት ያንን ሳይ ነው። ከዚያ ስማቸውን አንድ በአንድ ሰረዝኩና ተገቢውን ሰጠኋቸው።

ችግሩ ድግግሞሹ ነበር። አንዱ ጌም አራት ቦታ ይገኛል፤ ከጌሙ ጋር ደግሞ የጨዋታው ሴቭ፣ ማለትም ሚኪያስ ያቆመበት ቦታ የተመዘገበበት ፋይል፣ ከሰይድ ኮፒም ከካርዱም እጥፍ እጥፍ ሆኖ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያቆምና ስም፣ መጠን፣ ቀን አሳይቶ የትኛው ይቆይ ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያዎቹን አሥር ያህል እያየሁ መለስኩ። ከዚያ ከታች በኩል ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሆን ምርጫ እንዳለ አየሁ፤ አዲሱ ይቆይ፣ አሮጌው ይሰረዝ ይላል። ከዚህ የተሻለ ምን ይኖራል? ተጫንኩት። ረጅም ዝርዝር ቀይ ሆኖ ከታች ወደ ላይ እየጠፋ ሄደ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ልናገር፣ በጣም ደስ አለኝ።

ከዚያ ዋናውን ካርድ አጽድቼ የተስተካከለውን ስብስብ ከነሽፋን ሥዕሎቹ ጫንኩበት። የኮምፒውተሩን የቆሻሻ ቅርጫት ባዶ አደረግሁ። ሰይድ ያለኝን ኮፒ አስቀምጬ ነበር፤ ግን ከሳምንት በኋላ እሱንም አጠፋሁት። አንድ ፋይል ሁለት ቦታ መቀመጡ እንቅልፍ ይነሳኛል። ማሽኑን ራሱን ቻርጅ ከማድረግ በቀር አብርቼው እንኳ አላውቅም። በመጨረሻ የጌሞቹን ዝርዝር አትሜ አስጠረዝኩት። ለሶልያና ለዕንቁጣጣሽ የማበረክትላት እሱን ነበር።

ሶልያና ጳጉሜ ሦስት ቀን መጣች። ትዕግስት አድርሳት በማግስቱ ጠዋት ተመለሰች። ጳጉሜ አራት ከሰዓት በኋላ እኔና ሶልያና ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠን ጥራዙን ሰጠኋት። ገጹን በጨዋነት ገለጠች፤ ልጅ የማይገባውን ስጦታ ሲቀበል እንደሚያደርገው።

«ኤልዬ፣ ጌሙስ?» አለችኝ።

አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀበለችና ሳትከፍተው ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ለምን እንደማትከፍተው ጠየቅኋት።

«አይቻልም። አባዬ ዕንቁጣጣሽ ጠዋት ነው ክፈቺ ያለኝ። ደብዳቤ አለኝ።»

የምን ደብዳቤ አልኳት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። መንደሩ ውስጥ ደብዳቤ መላክ ይቻላል። እሷ ሀዋሳ ሳለች እሱ ለእጥበት በተኛ ቁጥር አንድ ይጽፍላትና ሳጥኗ ውስጥ ይተውላታል፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። ስትመጣ ተጠራቅሞ ይጠብቃታል። ደብዳቤው በተወሰነ ቀን እንዲደርስ ማድረግም ይቻላል። ሊሞት አካባቢ በስልክ፣ ትልቅ ደብዳቤ ጽፌልሻለሁ፣ አንዱ አልበቃ ብሎኝ ተከታታይ ነው፣ የዕንቁጣጣሽ ዕለት ርችቱ ሲተኮስ ሳጥንሽን ክፈቺ፣ ከዚያ በፊት እንዳትነኪው ብሏታል። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ጠብቃለች። የምትናገረው በደስታ ነበር። አባቷ የሞተባት ልጅ መሆኗን ለአፍታ ረሳሁት፤ ገና አንድ ነገር የቀራት ልጅ ነበረች።

አዋቂ ልምሰል ብዬ፣ ጌም ውስጥ ርችት የሚተኮሰው በፈረንጆች አዲስ ዓመት አይደለም ወይ አልኳት። ሳቀችብኝ።

«አባዬ ቀኑን ወደ እኛ ቀይሮታል እኮ። የሆስፒታሉ ቀጠሮ ካርድ በእኛ ቀን ስለሆነ እንዲስማማለት። ለእኔ ደግሞ ርችቱ በዕንቁጣጣሽ እንዲሆንልኝ። ጳጉሜ ሲመጣ ብቻ ያስቸግረዋል፤ ማሽኑ ጳጉሜን አያውቅማ። አምስቱን ቀን ነሐሴ ሠላሳ ላይ ያቆመው ነበር።»

እኔ በሥራዬ በቀን አሥር ጊዜ የፈረንጅ ቀን ወደ እኛ፣ የእኛን ወደ ፈረንጅ የምመልስ ሰው ነኝ። ልጅቷ ንግግሯን ሳትጨርስ ነገሩ ገባኝ።

ላስረዳችሁ። ሚኪያስ ከታመመ ወዲህ የማሽኑን ዓመት በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ስለዚህ በነዚያ ሁለት ዓመታት የተመዘገበው ሁሉ ለሶፍትዌሩ የሰባትና የስምንት ዓመት አሮጌ ሆኖ ታየው። ሰይድ ዘንድ የነበረው የድሮ ኮፒ ግን ከዚያ በፊት በፈረንጅ ቀን የተመዘገበ ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሞ፣ አሮጌውን አዲስ፣ አዲሱን አሮጌ ብሎ ጠየቀኝ። ቀኑ ፊቴ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔም አዲሱ ይቆይ አልኩት።

ቻርጅ ላድርግልሽ ብዬ ጌሙን ከጭኗ ላይ አነሳሁና ሽንት ቤት ገብቼ ቆለፍኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አበራሁት። መንደሩ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በፊት የነበረ መንደር ነው፤ አረም የወረሰው ሜዳ፣ የሚኪያስ ትንሽ ቤት፣ አጠገቡ የሶልያና ድንኳን የምታህል ጎጆ። የሶልያና ሳጥን ባዶ ነበር። ከውጭ እናቴ ልጅቷን ምሳ በደንብ በልተሻል ወይ እያለች ስትጠይቃት ይሰማኛል። እዚያ ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም።

በማግስቱ፣ ጳጉሜ አምስት፣ ሱቆች ሳይከፈቱ አብነት ደረስኩ። ሰይድ መዝጊያውን ወደ ላይ ሲገፋ ከኋላው ቆሜ ነበር። ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና ጠየቀኝ።

«ለብቻ አስቀምጥ ያልኩህ ኮፒስ?»

«አጠፋሁት።»

አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ካርዱን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካውና የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተ። የተሰረዘ ነገር ላዩ ላይ ሌላ ካልተጻፈበት ሊመለስ ይችላል አለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ላዩ ላይ ምን ጻፍክበት አለ። ሁሉንም አልኩት። የተስተካከለውን ሁሉ። ሰይድ በርጩማ ሳብ አድርጎ ሰጠኝ።

ፍለጋው የደረሰበትን የምታሳየው አረንጓዴ መስመር ስክሪኑ ላይ እያዘገመች ትሄዳለች። በበዓል ዋዜማ ሰው ስልኩን ሊያሠራ ይመጣል፤ ሰይድ አንዱን ዛሬ አይሆንም እያለ ይመልሳል፣ ሌላውን በአንድ እጁ እየሠራ በአንድ ዓይኑ ስክሪኑን ያያል። ፊት ለፊት የሚኪያስ ታፔላ ቤት በር ተዘግቷል፤ በራሱ እጅ የጻፈው ስሙ በሩ ላይ አለ። ወደዚያ ላለማየት ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። እግዚአብሔርን ለምኜ የማላውቀውን ያህል ለመንኩት። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ያችን አንዲት ፋይል ብቻ ብዬ።

ስድስት ሰዓት ላይ ሰይድ ሱቁን ለእኔ ትቶ ለሶላት ሄደ። ሲመለስ መስመሯ ሞልታ ነበር። ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው ብዙ ፋይሎች ተመለሱ። የመንደሩ ሴቭ መጠኑ ስለሚታወቅ በመጠን ለየናቸው፤ ሦስት ቀሩ። ሰይድ ሱቁ ውስጥ የነበረ ሌላ ማሽን አውጥቶ የመጀመሪያውን ጫነበት። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። ሁለተኛውን ጫነ፤ ያው የድሮው መንደር ነው፣ እኔ ያስቀረሁት።

ሦስተኛው ሲጫን ሙዚቃው ጀመረ። የመንደሩ ስም ወጣ። ሰይድ ክንዴን ያዘኝ። ከስሙ ሥር ቀኑ ታየ፤ የዘንድሮው ሰኔ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር። ወንድሜ በሞተበት ሳምንት የተመዘገበ ነው። «እሱ ነው፤ ወላሂ እሱ ነው» አለ ሰይድ ቀስ ብሎ። የመግቢያውን ቁልፍ ተጫነ።

ሙዚቃው ቆመ። ይህ ፋይል ተበላሽቷል፣ ሊነበብ አይችልም፣ ይሰረዝ ወይ የሚል ጽሑፍ ወጣ። አይሰረዝ አልነው። ደግመን ሞከርን። ሰይድ በሌላ ፕሮግራምም በሌላ ማሽንም ሊከፍተው ሞከረ። ከመሀሉ ሰፊ ቦታ ላይ የኔ የሽፋን ሥዕሎች ተጽፈውበታል። ለእያንዳንዱ ጌም አምሮበት እንዲታይ ብዬ የጫንኳቸው ሥዕሎች። አሥር ሰዓት ሲሆን ሰይድ እጁን ከቁልፎቹ ላይ አነሳ።

«ኤልያስ፣ ዛሬውኑ ንገራት» አለኝ። «ነገ በዓል ነው። ነገ አትንገራት።»

እሺ ብዬው ወጣሁ።

አልነገርኳትም። ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ፎቅ መካከል ተቀምጬ ጌሙን አወጣሁ። ወደ ሚኪያስ ቤት ገባሁ። የጽሕፈት ጠረጴዛ አለ፤ ከእሱ ላይ ሆኖ ደብዳቤ ይጻፋል። የሚወርድ የሚወጣው ጎረቤት እንኳን አደረሰህ ሲለኝ እንኳን አብሮ አደረሰን እላለሁ፣ ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ። «ውድ ልጄ ሶልያና፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰሽ። በትምህርትሽ በርቺ። እናትሽን ታዘዢ። የትም ብሆን እወድሻለሁ። አባትሽ።» አባትሽ የሚለውን ስጽፍ እንባዬ መጣ። ከሰኔ ጀምሮ እምቢ ያለኝ እንባ የወንድሜን ስም ስሰርቅ መጣልኝ። የማሽኑን ቀን እንደ ሚኪያስ ነሐሴ ሠላሳ ላይ አቆምኩ፣ ደብዳቤውን ለመስከረም አንድ አድርጌ ላክሁትና ፊቴን ጠራርጌ ወጣሁ።

የዕንቁጣጣሽ ጠዋት ሶልያና አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እናቴ ጓዳ በር ላይ ቆመች፤ ደብዳቤ እንዳለ ልጅቷ ነግራታለች። ጌሙ ተከፈተ። በትንሿ ስክሪን ላይ ርችቱ መተኮስ ጀመረ፤ ድምፁ የቆርቆሮ ጣሳ ሲንኳኳ ይመስላል። ሶልያና ጥቂት ፈገግ አለች፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ።

«ዛፎቼስ? ቤቴስ?»

ያዘጋጀሁትን ውሸት አወጣሁ። ማሽኑ ተበላሽቶ ሰይድ ሲጠግነው ትንሽ ወደኋላ ተመልሷል፣ ደብዳቤው ግን አለ አልኳት። አመነችኝ። አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ናት፣ አጎቷ ነኝ፣ ለምን አታምነኝም? ወደ ሳጥኑ ሄደች። ከፈተችው። አነበበች። መጨረሻው ላይ ደርሳ ቀጣዩን ፈለገች፤ ቀጣይ የለም። ተመልሳ ከመጀመሪያው አነበበች። ቀና ብላ ስታየኝ ሁሉንም እንዳወቀች ገባኝ።

«ኤልዬ፣ ይሄን አንተ ነህ የጻፍከው?»

ወደ ጓዳው በር፣ ወደ እናቴ አየሁ።

«አባዬ በርቺ ብሎኝ አያውቅም» አለች። ድምፅዋ አልተለወጠም። «አባዬ የሚጽፍልኝ አጠገቡ የሚታጠቡት ሽማግሌ ሲያንኮራፉ ነርሷ እንዴት እንደሳቀች ነው። ታፔላ ላይ ቀለም እንዴት እንደደፋ ነው። ከዚያ ጥያቄ ይጠይቀኛል። ሁልጊዜ ጥያቄ አለው፣ እንድመልስለት።»

ያኔ ነገርኳት። ካርቶኑን፣ ሶፍትዌሩን፣ ቀኑን፣ ሰይድን፣ ደረጃውን፣ አንድም ሳላስቀር። እናቴ በሩን ደገፍ ብላ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ሶልያና ጣልቃ ሳትገባ ሰማችኝ። እንድትጮህብኝ፣ እንድትመታኝ፣ እንድታለቅስ ጠበቅሁ። ጌሙ እጇ ላይ ርችቱን መተኮሱን አላቆመም።

«ታዲያ የእሱ ምን ይል ነበር?» አለችኝ።

«አላነበብኩትም።»

«ትንሽም?»

«ትንሽም።»

«እሺ» አለች። ጌሙን ዘጋችው። ተነሥታ ወደ አያቷ ሄዳ አጠገቧ ቆመች።

ይኸው ነው የሆነው። ከዚህ ወዲያ ምን ተማርክ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የማስተምራችሁ የለኝም። መዝገብ ቤት አሁንም እሠራለሁ፤ ድግግሞሽ ነውና ይወገድ የሚል ወረቀት ሲመጣልኝ ለሌላ ሰው እመራዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ስታነቡ መጨረሻ ላይ ሰውዬው ተጽናንቶ ልታገኙት ትጠብቃላችሁ። እኔ አልተጽናናሁም። ያ ደብዳቤ በእኔ እጅ አልፏል። በዝርዝሩ ላይ አንድ ረድፍ ሆኖ ፊቴ ቆሞ ነበር፤ ስም፣ መጠን፣ ቀን። ወንድሜ ነፍሱ ሳትወጣ ለልጁ ያቀረበላት የመጨረሻ ጥያቄ ውስጡ ነበር። ምን ብሎ እንደጠየቃት ከእንግዲህ የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም። ልትመልስለትም አትችልም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በቀኑ ላይ ላሳብብ እሞክራለሁ። ማሽኑ ጳጉሜን አያውቅም፣ ሶፍትዌሩ የእኛን ዓመት አያውቅም እላለሁ። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። የሞተውን ወንድሜን ጌሞች ለልጁ ብዬ ሁለት ወር ሙሉ ሳስተካክል፣ ለልጅቱ አንድ ቀን አልደወልኩላትም። ሶሊ፣ ከዚህ ውስጥ አንቺ የምትፈልጊው የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ትነግረኝ ነበር። እናንተም ቤት የሞተ ሰው ዕቃ በካርቶን ተቀምጦ ይሆናል። ዝብርቅርቅ ነው፣ አውቃለሁ። እባካችሁ ከመንካታችሁ በፊት ለአንድ ሰው ደውሉ።

ሶልያና ለእናቷ አልነገረቻትም። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገረችም። በበዓል በበዓሉ ትዕግስት ትደውልልኝና ስልኩን ትሰጣታለች። ድሮ ቢሆን ስልኩን ገና ሳላነሳው «ኤልዬ፣ ምን ታመጣልኛለህ?» ነበር የምትለኝ። አሁን «ጋሼ ኤልያስ፣ እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?» ትለኛለች። መልሴን ትጠብቃለች፣ አመስግና ለእናቷ ትመልሳለች። ባለፈው ትዕግስት ስልኩን ተቀብላ በደስታ፣ አየህ አይደል፣ እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ሆነች፣ ታላቅ ማክበር ራሷ ጀመረች፣ ማንም አላስተማራትም አለችኝ።

አዎ፣ አድጋለች አልኳት።